«አላየሁትም» እውነት የሚሆንባቸው ቦታዎች

ግጭት ደርሶ ሰው ሲሰበሰብ ከሾፌሩ አፍ መጀመሪያ የሚወጣው «አላየሁትም» ነው። የከበበው ሰው ሰበብ አድርጎ ይወስደዋል። ብዙ ጊዜ ግን ሰውየው እውነቱን ነው፤ አላየም። መጠየቅ ያለበት ለምን አላየም የሚለው ነው። እግረኛው ከመኪናው የፊት ምሰሶ ጀርባ ነበር? ስፖኪዮው የራሱን በር ብቻ ነበር የሚያሳየው? መስታወቱ ከውስጥ በእንፋሎት ተሸፍኖ ነበር? እነዚህ ሁሉ መፍትሔ አላቸው፤ አብዛኞቹም ገንዘብ አይጠይቁም።

ጎንደር ላይ ነገሩ ይከብዳል። ከተማዋ ዳገትና ቁልቁለት ናት። አንዱን መንገድ ባጃጅ፣ ሚኒባስ፣ አይሱዙ፣ ጋሪ፣ አህያና እግረኛ ይጋሩታል። ከከተማ ሲወጣ ደግሞ በሰሜን የወገራ ጉም፣ በምዕራብ የጭልጋ መንገድ የማታ ፀሐይ አለ።

ከምሰሶው እንጀምር። የፊት መስታወቱን ከበሩ የሚለየው፣ ጣሪያውን የሚሸከመው ብረት በአዳዲስ መኪኖች ላይ እየወፈረ መጥቷል። መኪናው ሲገለበጥ ጣሪያው እንዳይጨፈለቅ ስለሚያደርግ መወፈሩ በጎ ነው፤ በዚያው ልክ ግን እይታ ይከለክላል። 12 ሳንቲ ሜትር ወርድ ያለው ምሰሶ ከዓይን 65 ሳንቲ ሜትር ርቆ ቢገኝ፣ 20 ሜትር ላይ ከአንድ ዓይን 3 ሜትር ከ70 ያህል ቦታ ይጋርዳል። ሁለቱ ዓይኖች ስለሚረዳዱ ከሁለቱም የሚሰወረው ወደ 1 ሜትር ከ75 ይወርዳል። ባጃጅ ፊት ለፊት ሲታይ ወርዱ 1 ሜትር ከ30 ገደማ ነው። እንግዲህ 20 ሜትር ላይ አንድ ሙሉ ባጃጅ ምሰሶው ጀርባ ሊደበቅ ይችላል ማለት ነው። ሞተር ብስክሌትና እግረኛማ በቀላሉ ይጠፋሉ።

የከፋው ነገር ሌላ ነው። እናንተ ወደ መጋጠሚያ ስትቀርቡ ባጃጁም ከጎን መንገድ እየቀረበ ከሆነ፣ ፍጥነታችሁም ከተመጣጠነ፣ ከእናንተ አንጻር ያለበት አቅጣጫ አይለወጥም። ምሰሶው ጀርባ ከገባ እዚያው ምሰሶው ጀርባ እንዳለ ይመጣል፤ የሚወጣው ፓራውልታችሁ (የፊት መከላከያው) አጠገብ ሲደርስ ነው። የሚጋጩ መኪኖች በባህሪያቸው እርስ በርስ አቅጣጫ የማይቀይሩ ናቸውና ምሰሶው የሚደብቀው በትክክል ሊገጫችሁ የሚመጣውን ነው። መፍትሔው ራስን ማንቀሳቀስ ነው። አደባባይ ወይም መጋጠሚያ ስትደርሱ ከወገባችሁ ጎንበስ ብላችሁ ራሳችሁን ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ወደ ፊት፣ ከዚያ ወደ ኋላ ውሰዱት። ለግራው ምሰሶ ይበልጥ ተጠንቀቁ፤ ለሾፌሩ ስለሚቀርብ ከቀኙ የበለጠ ይጋርዳል። ወደ ግራ ስትታጠፉ የምትገቡበትን መንገድ የሚያቋርጠው እግረኛ ያለው እዚያ ጀርባ ነው።

የዓይን ነገርም አለበት። ዓይን ከግራ ወደ ቀኝ በፍጥነት ሲወረወር አእምሮ በመካከል ያለውን ምስል ይጥለዋል፤ ያልታየውን ቦታ ደግሞ ቀድሞ ባወቀው ይሞላዋል። «ዞር ብዬ አይቻለሁ፣ ባዶ ነበር» የሚል ሾፌር ዋሽቶ ላይሆን ይችላል። ጥርት አድርጎ የሚያየው የዓይን ክፍል ጠባብ ነው፤ ክንድ ተዘርግቶ የአውራ ጣት ጥፍር የሚሸፍነውን ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ግራውን በአንድ ዕይታ አትጥረጉት። ሩቁ ላይ ዓይንን አቁሙ፣ መካከሉ ላይ አቁሙ፣ ቅርቡ ላይ አቁሙ። ቀኙንም እንዲሁ። ከዚያ ግራውን ድገሙት። ሦስት ሰከንድ አይፈጅም።

የድንጋይ አጥር ያለበት ጥግ ደግሞ ሌላ ሂሳብ ይፈልጋል። የፋሲል ግቢ አጥር ብቻውን 900 ሜትር ያህል ይረዝማል፤ በየሰፈሩ መታጠፊያ ላይ እስከ አስፋልቱ የሚጠጉ የግቢ ግንቦችም ብዙ ናቸው። አፍንጫው ረጅም በሆነ የቤት መኪና የሾፌሩ ዓይን ከፓራውልቱ 2 ሜትር ያህል ወደ ኋላ ነው። ግራና ቀኙን ከማየቱ በፊት መኪናው 2 ሜትር መንገድ ውስጥ ገብቷል። ቆሞ ክላክስ አንድ ጊዜ አጭር መንካት፣ መስኮት ዝቅ አድርጎ መስማት፣ ከዚያ በእግር ጉዞ ፍጥነት መውጣት ነው ያለው። የባጃጅ ሞተር ድምፅ ከመታየቱ በፊት ይሰማል፤ የሙዚቃው ድምፅ ከፍ ብሎ ከሆነ ግን ይህ ዕድል የለም።

ስፖኪዮ ለማስተካከል መጀመሪያ ወንበሩ መስተካከል አለበት። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ ድካሙ ከንቱ ነው። ወንበሩን ፍሪሲዮኑ እስከ መጨረሻ ሲረገጥ ጉልበት ትንሽ እንደታጠፈ የሚቀርበት ቦታ ላይ አድርጉ፤ ደረትና መሪ መካከል ቢያንስ 25 ሳንቲ ሜትር ይኑር። ቁመታችሁ አጠር ያለ ከሆነ ወንበሩን ከፍ አድርጉት፤ ማንሻ ከሌለው የማይንሸራተት ጠንካራ ትራስ ይሠራል፣ ለስላሳ ስፖንጅ ግን ፍሬን ሲረገጥ ከሥር ይሸሻል። ቀጥሎ የውስጡን መስታወት የኋላውን መስኮት ሙሉ በሙሉ እንዲያሳይ አድርጉ። ከዚያ ራሳችሁን የግራው መስኮት መስታወት እስኪነካ አዘንብላችሁ የግራውን ስፖኪዮ የመኪናችሁ ጎን ጠርዙ ላይ ለጥቂት ብቻ እስኪታይ ወደ ውጭ ክፈቱት። ለቀኙ ደግሞ ራሳችሁን ያንኑ ያህል ወደ መኪናው መካከል አዘንብላችሁ እንዲሁ አድርጉ። ተስተካክላችሁ ስትቀመጡ የራሳችሁን መኪና አታዩም፤ መጀመሪያ ግር ይላል፣ በሁለት ቀን ይለመዳል። ሲያልፋችሁ የነበረ ባጃጅ ከውስጡ መስታወት ሳይጠፋ ጎኑ ላይ ይታያል፣ ከጎኑም ሳይጠፋ በመስኮት በኩል ይታያል። በመካከል የሚጠፋበት ሰከንድ ካለ ስፖኪዮው ገና ወደ ውጭ መውጣት ይፈልጋል። እብጥ ያለው ስፖኪዮ ሰፊ ቦታ ቢያሳይም የሚያሳየውን ያሳንሳል፤ ሩቅ የመሰለው ሞተር ቅርብ ነው።

ባጃጅ ላይ ይህ ሁሉ የሚፈርሰው በሁለት ነገር ነው፦ ሾፌሩ አጠገብ በሚጫን ሰው፣ እና በጎን በሚንጠለጠል የዝናብ ሸራ። አጠገቡ የተቀመጠው ሰው ትከሻ የቀኙን ስፖኪዮ ሙሉ በሙሉ ይዘጋል። የኋላዋ ትንሽ ላስቲክ መስኮት ደግሞ በአቧራ ተፈግፍጋ ብርሃን እንጂ ቅርፅ አታሳልፍም፤ ላስቲኳን መቀየር ርካሽ ነው።

አይሱዙና ሲኖትራክ ላይ ከፍ ብሎ መቀመጥ ሁሉን የሚያሳይ ይመስላል። ሩቁን ያሳያል፣ ቅርቡን ግን ይሰውራል። ዓይን ከመሬት 2 ሜትር ከ50 ላይ ሆኖ የፊት መስታወቱ የታችኛው ጠርዝ 1 ሜትር ከ90 ላይ ቢሆን፣ ቁመቱ 1 ሜትር ከ10 የሆነ ልጅ ከፓራውልቱ እስከ 1 ሜትር ድረስ ፀጉሩ እንኳ አይታይም። በቀኝ በኩል የባሰ ነው፤ የቀኙ በር ከሾፌሩ ስለሚርቅ ያው ልጅ ከበሩ ከ2 ሜትር በላይ ርቆ ካልቆመ አይታይም። ቁጥሩ እንደየመኪናው ይለያያልና የራሳችሁን ለኩ። የሚያስፈልገው 20 ሊትር የሚይዝ ቢጫ ጀሪካንና ጠመኔ ነው። ሾፌሩ በመንዳት አቀማመጡ ይቀመጥ። ረዳቱ ጀሪካኑን ፓራውልቱ ላይ አስጠግቶ ጀምሮ ወደ ፊት እየራቀ ያንሸራት፤ ሾፌሩ ጫፉን ባየበት ቦታ መሬቱን በጠመኔ ያስምር። በቀኝ፣ በግራ፣ በኋላም ይደገም። ከዚያ ጀሪካኑን በትምህርት ቤት ልጅ ቁመት እንጨት ላይ አስሮ አንድ ጊዜ ይድገመው። መስመሮቹ ሲጋጠሙ መኪናው ዙሪያ ሾፌሩ የማያየው ግቢ ተስሎ ይታያል። ይህን አንድ ጊዜ ከመሬት ሆኖ ያየ ሾፌር ከቆመበት ሲነሳ አንድ ዙር ሳይዞር አይነሳም ብዬ አምናለሁ። በቅዳሜ ገበያና በጥምቀት ሰሞን፣ ሕዝብ መኪናውን ተጠግቶ በሚያልፍበት ጊዜ፣ ይህ ዙር የግድ ነው።

ወደ ኋላ ሲኬድ ረዳቱ የት ይቁም? ከኋላ በስተግራ፣ ሾፌሩ በግራ ስፖኪዮ ሙሉ ሰውነቱን በሚያይበት፣ ከመኪናው ጎማ መስመር ውጭ። «ና! ና! ና!» ማለት ብቻውን በቂ አይደለም፤ የሞተር ድምፅ «ቁም» የሚለውን ሊውጠው ይችላል። የእጅ ምልክት ይሁን። ሕጉ አንድ ነው፦ ረዳቱ ከስፖኪዮው ከጠፋ መኪናው ይቆማል። ዳገት ላይ ረዳቱ ታኮ (ጎማው እንዳይንከባለል የሚደረግ ድንጋይ ወይም እንጨት) ለማድረግ ብሎ ጎማው ጀርባ መግባት የለበትም፤ ታኮው መኪናው በእጅ ፍሬን ከቆመ በኋላ በጎን በኩል ነው የሚገባው። እግረኛም ብትሆኑ ትልቅ መኪና አጠገብ ስታልፉ የሾፌሩን ፊት በስፖኪዮው ፈልጉ። ፊቱን ካላያችሁት እሱም አያያችሁም።

መስታወቱ ላይ ስለሚሰቀለው ነገር መናገር ከባድ ነው፤ ብዙው የእምነት ምልክት ነውና። መስቀሉም ሥዕሉም ክብር ይገባቸዋል። ከውስጡ መስታወት ላይ ተንጠልጥሎ የሚወዛወዝ ነገር ግን ዓይንን በእያንዳንዱ ጉድጓድ ይጠራል፤ በቀኝ በኩል ከእግረኛ መንገድ የሚገባውንም ሰው ይጋርዳል። ከመስታወቱ በታች ዳሽቦርዱ ላይ በደንብ ተጣብቆ፣ ወይም ከሾፌሩ ራስ በላይ ጣሪያው ላይ መሆን ይችላል። በሚኒባስና በአይሱዙ የፊት መስታወት ላይኛው ጠርዝ የሚለጠፈው ጽሑፍና ዘርፋፋ መጋረጃ ግን ምንም ምክንያት የለውም፤ መነሳት አለበት። ዳሽቦርድ ላይ የሚነጠፍ ነጭ ምንጣፍም በፀሐይ መስታወቱ ላይ ነጸብራቁን ይጥላል፤ ጥቁርና የማያብረቀርቅ ይሻላል።

በበጋ የጎንደር አቧራ መስታወት ላይ ሲቀመጥ ደረቅ ጨርቅ አይነካው። አቧራው ውስጥ ያለው ደቃቅ አሸዋ መስታወቱን ይጭረዋል፤ ጭረቱ ቀን አይታይም፣ ማታ የፊት ለፊት መብራት ሲመታው ግን እያንዳንዷ መስመር ታበራለች። መጀመሪያ ውኃ ማፍሰስ፣ ቀጥሎ ጥቂት ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና በገባበት ውኃ ማጠብ፣ መጨረሻ ላይ በጋዜጣ ማድረቅ። ውስጡንም አትርሱ። ዳሽቦርዱ ፀሐይ ሲመታው የሚተነው ቅባት፣ የእጅ ቅባትና የሲጋራ ጭስ መስታወቱ ላይ ስስ ሽፋን ይሠራሉ። ውስጡ በየሳምንቱ ሊጠረግ ይገባል። ናፍጣ ወይም ቤንዚን በነካው ጨርቅ መጥረግ ቀስተ ደመና የሚመስል ቅባት ይተዋል፤ አይደረግ።

የዝናብ መጥረጊያው ጎማ ከጥቅምት እስከ ግንቦት ፀሐይ ላይ ሲጋገር ይቆይና የሰኔ የመጀመሪያ ዝናብ ቀን ጭቃ ይቀባል እንጂ አይጠርግም። ግንቦት ላይ ጎማውን በጣት ጫፍ ዳስሱት፤ ከተሰነጣጠቀ ወይም ወደ አንድ ወገን ታጥፎ ከቀረ ይቀየር። ደህና ከሆነ በእርጥብ ጨርቅ ጥቁሩ እስኪያልቅ ጥረጉት። ጎማው አዲስ ሆኖ እንኳ መካከል ላይ ካልጠረገ ክንዱን የሚጫነው ስፕሪንግ ደክሟል። የውኃ መርጫው ቀዳዳ ሲዘጋ በቀጭን መርፌ ይከፈታል።

ዝናብ የመታቸው 12 ሰዎች ሚኒባስ ውስጥ ሲገቡ ከጋቢያቸውና ከትንፋሻቸው የሚወጣው እንፋሎት በደቂቃዎች ውስጥ መስታወቱን ያለብሰዋል። በእጅ መጥረግ ቅባት ይጨምርበታል፤ ቅባት ያለበት መስታወት ደግሞ ቶሎ ይላባል። ንፋስ ማራገቢያውን ወደ ፊት መስታወቱ አዙሩ፣ አየሩን ከውጭ እንዲስብ አድርጉ፤ የውስጡን አየር መልሶ የሚያዞረው ቁልፍ ከተጫነ እንፋሎቱ መውጫ የለውም። ኤርኮንዲሽነር ካለ ክፈቱት፣ አየሩን ያደርቃልና ሙቀት ከተጨመረበት ይበልጥ ይሠራል። ከሌለ ሁለት መስኮት በተቃራኒ ወገን ሁለት ጣት ያህል ዝቅ ይበል። ተሳፋሪው «ንፋስ ገባ» ብሎ ቢቆጣም ሾፌሩ መንገዱን ማየት አለበት።

ማታ ደግሞ ቁጥር ያስፈልጋል። አንድ ሾፌር አደጋ አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ 1 ሰከንድ ተኩል ይወስዳል ብንል፣ በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት 25 ሜትር ፍሬን ሳይነካ ይሄዳል። ጥሩ ጎማና ፍሬን ያለው ትንሽ መኪና በደረቅ አስፋልት ሌላ 20 ሜትር ያህል ተጉዞ ይቆማል፤ ድምሩ 45 ሜትር። በ80 ወደ 70 ሜትር ይጠጋል፣ ዝናብ ካለ 95 ይደርሳል። ጭነት የያዘ አይሱዙ ከዚህ ይረዝማል፣ ቁልቁለትም ያረዝመዋል። በአጭር መብራት ጠቆር ያለ ልብስ የለበሰ እግረኛ የሚታየው ግን ከ25 እስከ 30 ሜትር ላይ ነው። ሂሳቡ ግልጽ ነው፦ የመንገድ መብራት በሌለበት ቦታ፣ በአጭር መብራት፣ ለዚያ እግረኛ መቆም የሚቻለው በ40 ነው። ሌሊት 11 ሰዓት ቤተ ክርስቲያን የሚሳለመው ሰው ነጭ ነጠላው ከሩቅ ያሳየዋል፤ ከአዘዞ ወዲያ በመንገድ ዳር ከብት የሚነዳው ጠቆር ያለ ብርድ ልብስ የደረበው ገበሬ ግን አይታይም።

መብራቱ ራሱ ወዴት እንደሚያበራ የሚፈትሽ ሾፌር ጥቂት ነው። ሜዳ ቦታ ፈልጉ፤ ጎንደር ላይ ይህ ቀላል አይደለም፣ ነዳጅ ማደያ ግን ብዙ ጊዜ ሜዳ ነው። የጎማ ንፋስ ተስተካክሎ፣ ሾፌሩ ተቀምጦ፣ መኪናውን ከግድግዳ 10 ሜትር አቁሙ። የመብራቱን መካከል ከመሬት ለኩና ግድግዳው ላይ አስምሩ። የአጭር መብራቱ የላይኛው ጠርዝ ከዚያ መስመር 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ማለት አለበት፤ በ5 ሜትር ከሆነ 5። በቀኝ በኩል ብርሃኑ ከፍ ማለቱ ትክክል ነው፣ የመንገዱን ዳር ያሳያል። ወደ ግራ ከፍ የሚል ከሆነ መብራቱ በግራ ለሚነዳ ሀገር የተሠራ ነውና ማስተካከያ ብሎን አያድነውም፤ ሙሉ መብራቱ ይቀየር። ጭነት ከኋላ ሲጫን አፍንጫው ይነሳና ብርሃኑ ወደ ፊት ለፊት መጪው ዓይን ይገባል። ለተራ አምፖል በተሠራ መብራት ውስጥ ኤልኢዲ አምፖል መክተትም እንዲሁ ነው፤ ብርሃኑ የሚነሳበት ነጥብ ስለሚለወጥ አንጸባራቂው ይበትነዋል። ሾፌሩ ደምቆ ይታየዋል፣ ሌላውን ያሳውራል።

መብራት ከደከመ አምፖል ከመቀየር በፊት ቮልቱን ለኩ። ሞተሩ እየሠራ ባትሪው ላይ 14 ገደማ ሆኖ አምፖሉ ጋ ከግማሽ ቮልት በላይ ከጎደለ፣ ጥፋቱ የዛገ ማሳ (ኔጋቲቭ ሽቦው ከመኪናው አካል ጋር የሚያያዝበት) ወይም የተቃጠለ ሶኬት ነው። ቮልት 10 በመቶ ሲጎድል ብርሃኑ 30 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ቢጫ የሆነ የላስቲክ መብራት ሽፋን በ800፣ ቀጥሎ በ1000፣ ቀጥሎ በ2000 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት በውኃ ይፈገፈጋል፤ መጨረሻ ላይ መከላከያ ቫርኒሽ ካልተቀባ ግን በወራት ውስጥ መልሶ ይቢጫል።

ከፊት ለፊት የሚመጣው ረጅም መብራቱን ካላወረደ የመንገዱን ቀኝ ዳር ተመልከቱ፣ ፍጥነት ቀንሱ። ዓይን ለመመለስ 5 ሰከንድ ከፈጀበት በ60 ከ80 ሜትር በላይ በጭፍን ተሄደ ማለት ነው። አጸፋ ብሎ ረጅም ማብራት ሁለት የታወሩ ሾፌሮችን ፊት ለፊት ማድረግ ነው።

አምባ ጊዮርጊስ፣ ዳባት፣ ደባርቅ፤ በክረምት ጉም ሲወርድ ረጅም መብራት ነጭ ግድግዳ ይሠራል፣ ብርሃኑ ከውኃው ጠብታ ተመልሶ ዓይን ውስጥ ይገባልና። አጭር መብራት ይበቃል። 20 ሜትር ብቻ የሚታይ ከሆነ 30 እንኳ ብዙ ነው፤ እርጥብ አስፋልት ላይ በ30 ለመቆም 21 ሜትር ያህል ያስፈልጋል። መቆም ካስፈለገ ከአስፋልቱ ሙሉ በሙሉ ወጥቶ ነው፤ ከኋላ የሚመጣው የእናንተን መብራት ተከትሎ ሊሆን ይችላል። ከደባርቅ ወዲያ ጣሊያን የጠረበው የሊማሊሞ ቁልቁለት ላይ ደግሞ መብራት ወደ ገደሉ እንጂ ወደ ኩርባው አያበራም። በዝቅተኛ ማርሽ፣ ፍሪኖ ሞተር (መኪናውን በሞተሩ የሚያዘገይ ፍሬን) ያለው በፍሪኖ ሞተር፣ ከኩርባው በፊት ክላክስ፣ ራስን ከግራው ምሰሶ ወደ ፊት አሳልፎ ማየት። ተሳቢ የያዘ መኪና ኩርባውን ሙሉ ይወስዳል፤ መጠበቂያው ከኩርባው በፊት ነው።

ከአዘዞ ወደ አይከል መንገዱ ወደ ምዕራብ ነው። ማታ ከ11 ሰዓት በኋላ ፀሐይ ፊት ለፊት ትቆማለች፤ ጠዋት ከአይከል ለሚመጣው ደግሞ እንዲሁ። መነሻን አንድ ሰዓት ማስቀደም ወይም ማዘግየት ካልተቻለ መስታወቱ በሁለቱም ወገን ንጹሕ ይሁን፣ የፀሐይ መከለያው ይውረድ። ፀሐይ ከጀርባችሁ ስትሆን እናንተ ሁሉን ታያላችሁ፤ የሚመጣው ግን እናንተን አያያችሁምና ቀንም ቢሆን አጭር መብራት አብሩ።

የቀረው ዓይኑ ራሱ ነው። በእንግሊዝ ሕግ ሾፌር በ20 ሜትር የሰሌዳ ቁጥር ማንበብ አለበት፤ 20 ሜትር በእርምጃ ቆጥራችሁ ሞክሩት፣ መነጽር ካላችሁ በመነጽር። ዳፍንት፣ ማታ በመብራት ዙሪያ የሚታይ ክብ ብርሃን፣ ከብልጭታ በኋላ የሚዘገይ ዓይን ምልክቶች ናቸው፤ የዓይን ሞራ እንዲህ ይጀምራል። ግላኮማ ግን ሳያም የጎኑን እይታ ይበላል፣ መሃሉን ጥርት አድርጎ የሚያነብ ሾፌር ከጎን የሚገባውን ልጅ ላያይ ይችላል። የሚታወቀው በምርመራ ብቻ ነው። ከ40 ዓመት በላይ የሆነ ሾፌር የዓይን ግፊቱንና የጎን እይታውን ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የዓይን ክፍል ሊያስለካ ይችላል፤ በመድኃኒት ጠብታ የዓይን ብሌን ሊሰፋ ስለሚችል በዚያን ቀን መሪውን ሌላ ሰው ይያዝ።